ግሬስ ሆፐር፤ ቅደም ተከተልን ለኮምፒዩተር ያስተማሩ ሴት

በኮምፒዩተር ሙያ የተሠማራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ተራ ብልሽት አለ። ከብዙ የምንጭ ፋይሎች አንድ ፕሮግራም ገጣጥሞ የሚያወጣ ስክሪፕት በጻፈው ሰው ኮምፒዩተር ላይ ለወራት ያለ እንከን ሲሠራ ይቆይና፣ ወደ ሌላ ባልደረባ ኮምፒዩተር በተዛወረበት ቀን ይቆማል። ምክንያቱ ሲመረመር ረቂቅ ነገር ሆኖ አይገኝም። ስክሪፕቱ ውጤቱን ሊያኖርበት የፈለገው ፎልደር የለም። በመጀመሪያው ኮምፒዩተር ላይ ግን ከብዙ ጊዜ በፊት በእጅ ተከፍቶ የተረሳ ፎልደር ስለ ነበረ ጉድለቱ ተሸፍኖ ኖሯል። ወይም ደግሞ ፎልደሩን የሚከፍት ትእዛዝ በስክሪፕቱ ውስጥ አለ፤ ነገር ግን የተጻፈው ፋይሉን ከሚያኖረው ትእዛዝ በኋላ ነው። በመዝገብ ቤት ዶሴው ሳይከፈት ደብዳቤውን ከዶሴው አያይዝ የተባለ ጸሐፊ የሚገጥመው ችግር ይኸው ነው።

ከዚህ ብልሽት በስተጀርባ ሁለት ጥያቄዎች ይገኛሉ። አንደኛው፣ የትኛው ሥራ ከየትኛው ይቀድማል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የሚፈለገው ነገር በቦታው አለ ወይስ የለም የሚል ነው። ሁለቱም ጥያቄዎች አዲስ አይደሉም፤ ከሙያው ጋር አብረው የተወለዱ ናቸው። መልሳቸውን ከሰው ትዝታና ከግል ደብተር አውጥተው ለራሱ ለኮምፒዩተር በማሸከም ረገድ ግንባር ቀደም ከሆኑት ሰዎች መካከል አሜሪካዊቷ የሒሳብ ሊቅና የባሕር ኃይል መኰንን ግሬስ ሆፐር ይገኛሉ። ብዙ ሰው ስማቸውን የሚያነሣው በ1947 በሃርቫርድ ማርክ 2 በተባለው መሣሪያ ውስጥ ተገኝታ በመዝገብ ላይ ከተለጠፈችው የእሳት ራት ጋር ነው። የእሳት ራቷን ያገኙት ግን እሳቸው አልነበሩም፤ ታሪኩን ደጋግመው በማውራት እንዲታወቅ አደረጉ እንጂ። የሕይወታቸው ዋና ሥራ ሌላ ነው፤ ይኸውም የተበታተኑ የፕሮግራም ክፍሎችን ፈልጎ፣ በተራቸው ደርድሮና አጋጥሞ አንድ ሙሉ ፕሮግራም የሚያደርግ ፕሮግራም መሥራታቸው ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ግሬስ ብሩስተር መሪ በዲሴምበር 9 ቀን 1906 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ከሦስት ልጆች የበኵር ልጅ ነበሩ። አባታቸው በኢንሹራንስ ሥራ የሚተዳደሩ ሰው ሲሆኑ፣ ሴቶች ልጆቻቸውም እንደ ወንድ ልጃቸው ተምረው ራሳቸውን እንዲችሉ ይፈልጉ ነበር። ስለ ልጅነታቸው ከሚነገረው ሁሉ የታወቀው የሰዓቶቹ ታሪክ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ የደወል ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ለማየት አንዱን ፈቱት፤ መልሰው መግጠም ግን አቃታቸው። የመጀመሪያው እንዴት ተገጥሞ እንደ ነበር ለማወቅ ሁለተኛውን ፈቱ፤ ከዚያም ሦስተኛውን። እንዲህ እያለ በቤት ውስጥ የነበሩት ሰባት ሰዓቶች ሁሉ ተበታተኑ። እናታቸውም ከዚያ ወዲህ በአንድ ሰዓት ብቻ እንዲወሰኑ አዘዙ። ነገርን መፍታት ቀላል ነው፤ የትኛው ጥርስ ከየትኛው በፊት እንደሚገባ ማወቅ ግን ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ይህን ትምህርት ሆፐር ዕድሜ ልካቸውን ተማሩት።

በ1928 ከቫሳር ኮሌጅ በሒሳብና በፊዚክስ ተመረቁ። ከዬል ዩኒቨርሲቲ በ1930 የማስተርስ፣ በ1934 ደግሞ የዶክትሬት ዲግሪ በሒሳብ ተቀበሉ። በሒሳብ ዶክትሬት የሚያገኙ ሴቶች እጅግ ጥቂት በነበሩበት ዘመን ይህ ከፍ ያለ ደረጃ ነበር። በ1930 ቪንሰንት ሆፐር የተባሉትን ምሁር አገቡ፤ ጋብቻው በ1945 ቢፈርስም የሚታወቁበት ስም ይኸው ሆኖ ቀርቷል። ከ1931 ጀምሮ በቫሳር ያስተማሩ ሲሆን፣ በ1941 ተባባሪ ፕሮፌሰር ሆኑ። ኑሯቸው የረጋ፣ ወንበራቸው የተከበረ ነበር።

አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ሆፐር ይህን የረጋ ኑሮ ትተው ለባሕር ኃይል አገልግሎት አመለከቱ። ዕድሜያቸው አልፏል፣ ክብደታቸውም ከሚፈለገው በ7 ኪሎ ያህል ያንሳል ተብሎ ተነገራቸው። የሒሳብ መምህርነትም ለጦርነቱ ጊዜ ተፈላጊ ከሆኑት ሙያዎች አንዱ ስለ ነበረ በሥራቸው ላይ እንዲቈዩ ተመከሩ። እሳቸው ግን ተስፋ ሳይቈርጡ ልዩ ፈቃድ ጠይቀው በዲሴምበር 1943 ወደ ሴቶች ተጠባባቂ ክፍል ገቡ። በ1944 የመኰንንነት ሥልጠናውን ከክፍላቸው አንደኛ ሆነው ፈጸሙ።

የተመደቡበት ቦታ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በሃዋርድ ኤይከን ይመራ የነበረው የባሕር ኃይሉ የስሌት ክፍል ነው። በጁላይ 1944 እዚያ ሲደርሱ የጠበቃቸው ማርክ 1 የተባለው መሣሪያ ነበር። ርዝመቱ 15 ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 5 ቶን ያህል ነው። በአንድ ሰከንድ ሦስት ጊዜ ይደምራል፤ የሚያሰላቸውም ቁጥሮች እስከ 23 አኃዝ ይደርሳሉ። ትእዛዙን የሚቀበለው ከተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ስለ ነበረ፣ የሥራው ቅደም ተከተል ማለት በጥብጣቡ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ተራ ማለት ነበር። መሣሪያው የታዘዘውን እንጂ የታሰበውን አያውቅም። ሆፐር ይህን መሣሪያ ከሥሩ አጥንተው ከ500 ገጽ በላይ የሆነውን የአሠራር መመሪያ አዘጋጁ፤ መጽሐፉም በ1946 ታተመ።

በዚያ ቤተ ሙከራ አንድ ልማድ ተፈጠረ። ሆፐርና እንደ ሪቻርድ ብሎክ ያሉት ባልደረቦቻቸው ተፈትኖ ትክክል ሆኖ የተገኘውን አጭር የስሌት ክፍል በየደብተራቸው ይጽፉ ነበር። አንዱ የሳይን ስሌት ሲያስፈልገው ከሌላው ደብተር ይገለብጣል። በዚህ ዓይነት እያንዳንዱ ደብተር አንድ አነስተኛ የንዑስ ፕሮግራሞች ቤተ መጻሕፍት ሆነ። ልማዱ ብዙ ድካም አስቀረ፤ ነገር ግን የትኛው ክፍል የት እንዳለና ከምን ቀጥሎ እንደሚገባ የሚያውቀው ሰው ብቻ ነበር። ሰውዬው ከሌለ ዕውቀቱም የለም።

በ1949 ሆፐር በፊላደልፊያ ወደሚገኘው የኤከርትና የሞክሊ ኩባንያ ተዛወሩ። ኩባንያው ዩኒቫክ የተባለውን ኮምፒዩተር በመሥራት ላይ ነበር፤ በ1950 ለሬሚንግተን ራንድ ተሸጠ፣ በ1951ም የመጀመሪያው ዩኒቫክ ለአሜሪካ የሕዝብ ቈጠራ መሥሪያ ቤት ተሰጠ። ዩኒቫክ ከማርክ 1 እጅግ የፈጠነ ሲሆን፣ ማኅደረ ትውስታው እያንዳንዳቸው 12 ፊደል የሚይዙ 1000 ቃላት ነበሩት። ፕሮግራሙ በዚህ ማኅደር ውስጥ በየአድራሻው ስለሚቀመጥ፣ በደብተር የመገልበጡ ልማድ አዲስ ጣጣ አመጣ።

ጣጣው በሁለት መልክ ታየ። የመጀመሪያው የመገልበጥ ስሕተት ነው። 4 ቁጥር ሲገለበጥ የባዶ ቦታ ምልክት ወደ ነበረው ሦስት ማዕዘን ይለወጣል፤ ቢ የሚለው የላቲን ፊደል 13 ሆኖ ይገኛል። ሁለተኛው የመደመር ስሕተት ነው። እያንዳንዱ ንዑስ ፕሮግራም በደብተሩ ላይ የተጻፈው ከዜሮ አድራሻ እንደሚጀምር ተደርጎ ነው። ወደ ሌላ ፕሮግራም መካከል ሲገባ ግን የሚጀምርበት አድራሻ ይለወጣል፤ ስለዚህ በውስጡ ባሉት አድራሻዎች ሁሉ ላይ አዲሱን መነሻ መደመር ግድ ነው። የሠለጠኑ የሒሳብ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ሲገለብጡና ሲደምሩ እየዋሉ ይሳሳቱ ነበር። ሆፐር ከዚህ አንድ ነገር ተረዱ። ሰው ደጋግሞ የሚሳሳትበት ሥራ መገልበጥና መደመር ከሆነ፣ አጠገቡ የቆመው መሣሪያ ደግሞ የተፈጠረው በትክክል ለመገልበጥና ለመደመር ነው።

ከኦክቶበር 1951 እስከ ሜይ 1952 ባሉት ወራት ኤ-ዜሮ የተባለውን ፕሮግራም ሠሩ። የአሠራሩ ሐሳብ እንደሚከተለው ነው። የተፈተኑት ንዑስ ፕሮግራሞች ሁሉ በማግኔታዊ ቴፕ ላይ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው መጠሪያ ቁጥር ይሰጣቸዋል። ፕሮግራም የሚሠራው ሰው የሚጽፈው የትኞቹ ክፍሎች፣ በምን ተራና በየትኞቹ ቁጥሮች ላይ እንዲሠሩ እንደሚፈልግ ብቻ ነው። ኮምፒዩተሩ ራሱ መጠሪያ ቁጥሩን ይዞ ቴፑን ይፈልጋል፤ ያገኘውን ክፍል ይገለብጣል፤ የሚያርፍበትን አድራሻ አስልቶ በውስጡ ያሉትን አድራሻዎች ያስተካክላል፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው ያልፋል። ከተለያየ ቦታ ሰብስቦ በአንድነት የሚያዘጋጅ በመሆኑ ኮምፓይለር ተባለ። ዛሬ ቃሉ ሰፋ ያለ ትርጉም ይዟል። የሆፐር ኮምፓይለር በአሁኑ አነጋገር ይበልጥ የሚቀርበው የተሠሩትን ክፍሎች ፈልጎ ወደሚያያይዘው ፕሮግራም ነው።

በዚህ ሥራ መካከል ሆፐርን እጅግ ያስቸገራቸው ጉዳይ ገና ወዳልደረሰ ክፍል የሚደረግ ዝላይ ነበር። አንድ ፕሮግራም በመሥራት ላይ ሳለ ወደ ኋላ ተመልሶ ቀድሞ ወደ ተቀመጠ ክፍል ቢዘል ችግር የለም፤ አድራሻው ይታወቃልና። ወደ ፊት፣ ገና ከቴፕ ወዳልመጣ ክፍል መዝለል ሲያስፈልገው ግን የዚያ ክፍል አድራሻ በዚያች ሰዓት የለም። ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ ማንበብ አንድ መፍትሔ ነው፤ እሳቸው ግን በአንድ ጊዜ ንባብ እንዲፈጸም ፈለጉ።

መፍትሔውን ያገኙት በተማሪነታቸው ዘመን ከተጫወቱት የቅርጫት ኳስ መሆኑን በኋላ ዘመን ተናግረዋል። በዚያን ጊዜ የነበረው የሴቶች ጨዋታ ሕግ ኳስ እያነጠሩ መሮጥን ስለሚገድብ፣ ወደ ቅርጫቱ መቅረብ የምትፈልግ ተጫዋች ኳሱን ለጓደኛዋ አቀብላ እሷ ወደ ፊት ትሮጣለች፤ ከደረሰች በኋላ ኳሱ ተመልሶ ይሰጣታል። ሆፐርም በማኅደረ ትውስታው መጨረሻ ላይ ገለልተኛ ጥግ ብለው የሰየሙትን ጥቂት ቦታ ለዩ። ወደ ፊት መዝለል የሚያስፈልገው ክፍል ገና ወዳልተወለደው አድራሻ ሳይሆን ወደዚህ ጥግ ይዘላል፤ ለሚመጣውም ክፍል መልእክት እንደሚጠብቀው የሚያመለክት ምልክት ይተዋል። እያንዳንዱ ክፍል በተራው ሲደርስ አስቀድሞ በስሙ የተተወ ምልክት መኖር አለመኖሩን ይመረምራል። ምልክት ካለ፣ ከጥጉ ወደ ራሱ መጀመሪያ የሚያደርስ ሁለተኛ ዝላይ ያስቀምጣል። በዚህ መንገድ የሌለ ነገር እንዳለ ተቆጥሮ አልታለፈም፤ ሥራውም የሌለውን ነገር ሲጠብቅ አልቆመም። የሌለው ነገር በግልጽ ተመዘገበ፣ ቦታ ተጠበቀለት፣ ሲደርስም ተመረመረ።

በሜይ 1952 በፒትስበርግ በተደረገው የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ማኅበር ስብሰባ ሆፐር ይህን ሥራ የሚመለከት ጽሑፍ አቀረቡ። የጠበቁትን ያህል ደስታ አልገጠማቸውም። የሚሠራ ኮምፓይለር በእጃቸው እያለ፣ ኮምፒዩተር የሚያውቀው ሒሳብ ብቻ ነው፤ ፕሮግራም ሊጽፍ አይችልም ተባሉ። ተቃውሞው ከዕውቀት ማነስ ብቻ የመጣ አልነበረም። የክፍሎቹን ተራና አድራሻ በቃሉ የያዘ ባለሙያ በዚያው የተከበረ ሰው ነው፤ ዕውቀቱ በቴፕ ላይ ሰፍሮ ማንም ሊያዝዘው ከቻለ፣ ክብሩ የሚቀንስ ይመስለዋል። ሆፐር ይህን ፍርሃት አቃለው አላዩትም፤ ነገር ግን አልተሸነፉለትም። ኤ-ዜሮን እያሻሻሉ በ1953 ኤ-2 ለተባለው ደረጃ አበቁት፤ ለዩኒቫክ ደንበኞችም ከነምንጭ ጽሑፉ ተልኮ፣ ማሻሻያ ያገኘ ሁሉ መልሶ እንዲልክ ተጋበዘ።

ቀጥሎ ያነሡት ጉዳይ የቋንቋ ነው። የንግድና የአስተዳደር ሠራተኞች የሒሳብ ምልክት ሳይማሩ ኮምፒዩተሩን በሚያውቁት ቃል እንዲያዝዙት አሰቡ። በ1955 መጀመሪያ ለኩባንያው ኃላፊዎች ባቀረቡት ማሳያ አንዱን አጭር ፕሮግራም በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ቃላት አሳዩ። ለኮምፒዩተሩ ቃል ሁሉ ምልክት በመሆኑ የቋንቋው ልዩነት ምንም አይደለም ማለታቸው ነበር። ኃላፊዎቹ ግን በፊላደልፊያ የተሠራ የአሜሪካ ኮምፒዩተር ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ሊያውቅ እንዴት ይችላል ብለው ደነገጡ። ሆፐርና ባልደረቦቻቸው በእንግሊዝኛ ብቻ እንደሚወሰኑ ለማረጋገጥ ተገደዱ። ከዚህ ሥራ ፍሎው-ማቲክ የተባለው ቋንቋ ተገኘ።

በሜይ 1959 በፔንታጎን በተጠራው ስብሰባ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የኮምፒዩተር ሠሪዎች ተወካዮች ለሁሉም መሣሪያ የሚሆን አንድ የንግድ ሥራ ቋንቋ እንዲዘጋጅ ተስማሙ፤ ይኸውም ኮቦል ነው። ኮቦልን ሆፐር ብቻቸውን ፈጠሩት የሚለው አባባል ትክክል አይደለም፤ ቋንቋውን የነደፈው የብዙ ሰዎች ኮሚቴ ሲሆን እሳቸው አማካሪ ነበሩ። ፍሎው-ማቲክ ግን ከመሠረቶቹ ዋነኛው ሆኗል። በዲሴምበር 1960 አንድ የኮቦል ፕሮግራም በሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች ኮምፒዩተሮች ላይ፣ በአርሲኤ 501 እና በዩኒቫክ 2 ላይ፣ በጥቂት ለውጥ ብቻ ሠራ። በአንዱ ቦታ የሠራ በሌላውም ይሠራል የሚለው ተስፋ በተግባር የታየው ያን ጊዜ ነው።

ተስፋው ግን ጠባቂ ያስፈልገው ነበር። ሆፐር በ1966 መጨረሻ በኮማንደርነት ማዕርግ ከባሕር ኃይሉ ጡረታ ወጥተው፣ በኦገስት 1967 ለስድስት ወር ተብለው እንደገና ተጠሩ። ስድስቱ ወር ወደ 19 ዓመት ተራዘመ። የተጠሩበት ምክንያት በባሕር ኃይሉ ውስጥ ኮቦል በሚል አንድ ስም ብዙ ዓይነት ቋንቋ በመስፋፋቱ ነው። ሠሪው ሁሉ ኮቦል አለኝ ይላል፤ በአንዱ ላይ የተጻፈው ግን በሌላው ላይ ይሰናከላል። ሆፐርና ቡድናቸው የሠሪውን ቃል ከመቀበል ይልቅ የፈተና ፕሮግራሞች አዘጋጁ። እያንዳንዱ ፈተና በመለኪያው የተጠቀሰው ክፍል በእርግጥ መኖሩንና በተጻፈው መሠረት መሥራቱን ይመረምራል። አለ መባል በቂ አይደለም፤ መኖሩ መታየት አለበት። ይህ አሠራር በኋላ በአሜሪካ መንግሥት ደረጃ ለተደረገው የኮምፓይለር ፈተና መነሻ ሆኗል።

ማዕርጋቸው በ1973 ካፒቴን፣ በ1983 ኮሞዶር፣ በ1985 ሪር አድሚራል ሆነ። በየአዳራሹ ሲያስተምሩ 30 ሳንቲ ሜትር የምትሆን የሽቦ ቁራጭ ለተማሪው ሁሉ ያድሉ ነበር፤ የኤሌክትሪክ ምልክት በአንድ ናኖሰከንድ ሊጓዝ የሚችለውን ትልቁን ርቀት በዓይን ለማሳየት ነው። በቢሯቸው የሰቀሉት ሰዓትም ወደ ኋላ የሚዞር ነበር፤ ሲሠራበት የኖረ ልማድ ሁሉ የግድ እንዳልሆነ ያሳዩበታል። በኦገስት 14 ቀን 1986፣ በ79 ዓመታቸው፣ በቦስተን ወደብ በምትገኘው ኮንስቲቲዩሽን በተባለችው ጥንታዊት መርከብ ላይ በክብር ተሰናበቱ። ከዚያም በኋላ ለአንድ የኮምፒዩተር ኩባንያ አማካሪ ሆነው ሠሩ። በጃኑዋሪ 1 ቀን 1992 ዐርፈው በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ተቀበሩ። በስማቸው የተሰየመች የጦር መርከብ በ1997 አገልግሎት ጀመረች፤ በ2016 ደግሞ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነጻነት ሜዳልያ ከሞት በኋላ ተሰጣቸው።

ሆፐር ለንዑስ ፕሮግራሞች ያደረጉትን ሌሎች በፋይሎች ደረጃ ቀጠሉበት። በ1976 በቤል ላቦራቶሪስ ስቱዋርት ፌልድማን ሜክ የተባለውን መሣሪያ ሠሩ። ለሥራው መነሻ የሆነው አንድ ባልደረባቸው ስሕተት የሌለበትን ፕሮግራም ሲመረምር ግማሽ ቀን ማጥፋቱ ነው፤ ፋይሉ ቢታረምም እንደገና ሳይጠናቀር ቀርቶ ነበር። በሜክ ዘንድ ሰውየው የሚጽፈው የትኛው ፋይል በየትኛው ላይ እንደሚመሠረት ነው፤ ተራውን የሚያወጣው፣ የሌለውንና ያረጀውን ለይቶ የሚሠራው መሣሪያው ነው።

ያም ሆኖ በመግቢያው ላይ የተነሣው የፎልደር ጣጣ ለባለሙያው ጥንቃቄ ተትቷል። ወላጅ ፎልደር ከልጁ በፊት መከፈት አለበት፤ ሲፈርስ ግን ተራው ይገለበጣል። ፎልደር እንደ ፋይል ተቆጥሮ በቅድመ ሁኔታነት ቢጻፍ፣ በውስጡ ፋይል በተጨመረ ቁጥር የለውጥ ሰዓቱ ስለሚታደስ፣ ያልተለወጠ ሥራ ሁሉ እንደገና ይሠራል። ስለዚህ ጂኤንዩ ሜክ መቅደሙ እንጂ ዕድሜው የማይታይ ልዩ የቅድመ ሁኔታ ዓይነት አበጅቷል። ፎልደሩ መኖሩን ጠይቆ ከሌለ መክፈትም ብልሃት ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለት ሥራዎች በአንድ ጊዜ ቢጠይቁ ሁለቱም የለም የሚል መልስ አግኝተው ሁለቱም ሊከፍቱ ይነሣሉ፤ የዘገየውም ይወድቃል። ከዚህ የሚሻለው ፎልደሩ ይኑር፣ ካለም ዝም በል ብሎ በአንድ ትእዛዝ ማዘዝ ነው። እንዲሁም በፎልደር ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ዘርዝር ሲባል በምን ተራ እንደሚመጡ ዋስትና የለም፤ ተራው የሚያስፈልግ ከሆነ አስቀድሞ በግልጽ መደርደር ይገባል።

እነዚህ ጥቃቅን ደንቦች ሁሉ ከዩኒቫክ ዘመን ደብተር ጋር የተያያዙ ናቸው። በደብተር የተያዘ ተራ ባለቤቱ እስካለ ድረስ ብቻ ያገለግላል፤ በእጅ ተከፍቶ የተረሳ ፎልደርም እንደዚሁ ነው። ግሬስ ሆፐር ተራውን ጽፈው፣ የሌለውን ምልክት አድርገው፣ የደረሰውን መርምረው ሲያልፉ ሥራቸውን ለማያውቁት ሰው ማስተላለፋቸው ነበር። ዛሬም አንድ ስክሪፕት ምንም በሌለበት አዲስ ኮምፒዩተር ላይ ተጀምሮ እስከ መጨረሻው ሲዘልቅ፣ የጻፈው ሰው በቦታው ባይኖርም ሥራው ይቀጥላል።